ሦስቱን በወተት፣ አንዱን በማር

«ጡታቸውን ያበላሸው ያ መምህር ነው። እኔ የፈጠርሁት አይደለም፤ ትናንት ማታ በገዛ አፉ ነው የተናገረው!»

የሸጋዬ ድምፅ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሲመጣ መምህር ገነነ በሩን ሊገፋ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እንደ ዘረጋ ቀረ። በሌላው እጁ ፋሻና የቁስል ማጠቢያ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። ከትምህርት ቤት በፊት ወደዚህ ግቢ እየመጣ የወይዘሮ ወለተ ሐናን የጡት ቁስል ማጠብ ከጀመረ ክረምቱ አልፎ ኅዳር ገብቷል፤ የገዛ ምራታቸው ሸጋዬ ሽታውን አልችልም ካለች ወዲህ ሥራው የእርሱ ብቻ ሆኗል።

«ኧረ በማርያም! በአፉ?» አለች ጎረቤቷ አደይ።

«በአፉ እንጂ! ሥጋው ተፈጥሮውን ረስቶ ባዕድ ሆነ አለን። እንግዲህ በእሳቸው ጡት ከእሱ ሌላ ማን ባዕድ ደረሰበት? ሦስት ልጅ አጥብተው ምንም ያልሆነ ጡት! ከወሎ የመጣ ጎልማሳ ማር ቀብቶ ከላሰው በኋላ ነው እንጂ እንዲህ የሆነው።»

«እረግ! ይኸን ባልሽ ክንዱ ሰምቷል?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው ያደረ።»

ገነነ እንዲህ አላለም። ትናንት ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ የባሕር ዳሩ ሐኪም ስለ ጡት ካንሰሩ የነገረውን ለቤተ ሰቡ ሲያስረዳ የተናገረው ሌላ ነበር። የሰው ገላ ሁሉ ከአንዲት ሕዋስ የበዛ ነው፤ ስለዚህ የዓይኑም የአጥንቱም የጡቱም ሕዋስ በአስኳሉ ውስጥ የያዘው የዘር ውርስ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጡት እዚያው አስኳል ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ከውርሱ የትኛው እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲታጠፍ ወስነው አንዱን «አንተ ጡት ሁን»፣ ሌላውን «አንተ ቆዳ ሁን» ብለው የሚያሰማሩ እነርሱ ናቸው፤ እነዚህ አዛዦች ሲበላሹ ሕዋሱ የተፈጠረበትን ሥራ ይረሳል፤ ወተት አያፈልቅ፣ ቆዳ አይሆን፣ ዝም ብሎ ይበዛል፤ በገዛ ቤቱ ባዕድ ይሆናል ነበር ያለው። ተስፋ ለመስጠትም ብሎ፣ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሳተውን ሕዋስ ወደ ሥራው የሚመልስ መድኃኒት መገኘቱን ጨመረ፤ ለጡት ግን እንዲህ ያለው ገና እንዳልተገኘና ለወይዘሮ ወለተ ሐና ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ብቻ እንደ ሆነ አስጠነቀቀ። በክረምት ኮርስ ለሁለተኛ ዲግሪው የጻፈው በዚሁ ጉዳይ ስለ ነበር ቃሉ እንደ ውኃ ፈሰሰለት። ለተማሪዎቹ እንኳ እንዲያ አጥርቶ አስረድቶ አያውቅም፤ በልቡ እየተደሰተ ነበር ወደ ቤቱ የተመለሰው። ዕውቀት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተናገረውን ይመረምራል እንጂ የተሰማውን አይጠይቅም።

ጉሮሮውን ጠርጎ በሩን ገፋ።  ሸጋዬ «እንደምን አደርህ፣ መምህር» ስትል ዓይኗን ከምታበጥረው በርበሬ ላይ አላነሣችም፤ እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ሸጋዬ» ብሎ ወደ ጓሮ አለፈ።

ክንዱ፣ የወይዘሮ ወለተ ሐና የበኩር ልጅ፣ የበርበሬ ነጋዴ ነው። በዚያ ዓመት የበርበሬ ዋጋ ከገበያ ገበያ ይወጣ ስለ ነበር ከቡሬና ከማንኩሳ የሰበሰበውን ማቆየት መርጦ፣ መጋዘኑ ሲሞላ ጆንያዎቹን ወደ መኖሪያ ቤቱ ያስገባ ጀመር። ሳሎኑ በሶፋና በቴሌቪዥን ተይዟል፤ ሁለቱ መኝታ ክፍሎች የባልና ሚስቱና የልጆቹ ናቸው፤ ስለዚህ ጆንያዎቹ የሄዱት እናቱ ወደ ተኙባት የጓሮ ክፍል ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ ቦታ የት አለ ቢባል ያለው እዚያ ስለ ነበር ብቻ ነው። ከወለሉ እስከ ጣራው የተደረደሩት ጆንያዎች ለአልጋቸው የተዉላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ነበር። የክፍሉ አየር ዓይን ያቃጥላል። ወይዘሮ ወለተ ሐና ቀንም ሌሊትም ያስላቸዋል፤ በሳሉ ቁጥር የቁስሉ አፍ ይሳባል፤ ነገር ግን ልጃቸው የሚያድርበትን ንግድ አሳለኝ ብለው ለመናገር ያፍሩ ነበርና ሳላቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው ይይዙታል።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ?»

«ደኅና። አንተን ያሰንብትልኝ። ቁርስ ቀምሰሃል?»

ቀምሻለሁ ብሎ ዋሸ። ፋሻውን ሲፈታ ፊቱን አላዞረም፤ አዙሮም አያውቅም። እርሳቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በግራ እጃቸው የእርሱን ጉልበት ይዘው፣ ሌላ ወሬ ያወሩለታል። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገነነ ለገጠሩ ትምህርት ቤት አዲስ ተመድቦ በገጠሩ ግቢያቸው አንዲት ጎጆ ሲከራይ፣ ወባ ጥሎት አርባ ቀን ያስታመሙት እኒሁ ሴት ናቸው። የሚጠይቀው ዘመድ እንደሌለ ባዩ ጊዜ፣ በአገሩ ባህል ሽማግሌ ሰብስበው፣ በቄስ ወልደ ገብርኤል ፊት ጡታቸውን ማር ቀብተው አጠቡት፤ የጡት ልጃቸው ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሠርግ ይጠራል፣ ለለቅሶ ይቆማል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ በዚያ አገር ሰው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

«ባሕር ዳር ነገ ለጠዋቱ አልጋ ተይዞልናል፤ ሐኪሙ ያቺ ቀን ካለፈች ወረፋው ይርቃል ብሎኛል። ዛሬ ከሰዓት መነሣት አለብን» አላቸው ፋሻውን እየጠቀለለ።

«ቤቱ የክንዱ ነው። እሱ ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ፤ ሳይፈቅድ ከቤቱ ብወጣ ሰው ምን ይለዋል? እናቱን አባረረ አይሉትም?» ከዚያ ሳቅ አሉ። «ያ ልጅ እግር ሐኪም ግን ደግሞ ስንት ልጅ አጠቡ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆን?»

ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ይህንኑ ጠይቋቸው ነበር። «አራት» ብለው መለሱ። «ሦስቱን በወተት፣ አንዱን በማር።» ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ግራ ሲጋባ፣ ወደ ገነነ በአገጫቸው አመልክተው፣ «ያ የማሩ ነው» አሉት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ነርሶች ሁሉ ሳቁ። ገነነ ያን ቀን ያፈረ መስሎት ነበር፤ ኩራት መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው።

ከግቢው ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲደርስ ደወል ተደውሏል። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ፕላዝማ አንጋጠዋል። ከአዲስ አበባ የሚሠራጨው ትምህርት የዕለቱ ርዕስ የሕዋስ አስኳል ነበር፤ በማያ ገጹ ላይ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች፤ ተማሪው ግማሹን ሳይጨብጥ ሥዕሉ ይቀየራል። ገነነ በሩ አጠገብ ቆመ። የመንግሥት አዲሱ ሥርዓት ለእርሱ የተወለት ከሥርጭቱ በኋላ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ነበር። መካከል ላይ መብራት ጠፋ፤ ክፍሉ «ወይኔ!» ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ወደ እርሱ ዞረ። ቾኩን አንሥቶ ክብ ሣለ፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ ሣለ፤ ሁልጊዜ የሚለውን ሊል፣ ሕዋስ ሥራውን ሲረሳ ምን እንደሚሆን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን ከዚያ ግቢ ከሸጋዬ አፍ የሰማው ሆኖ መጣበት። እሌኒ የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሁሉም ሕዋስ አንድ ውርስ ካለው፣ የረሳው ሕዋስ ውርሱ ጠፍቶበት ነው ወይስ አለው?» አለችው።

«አለው። አብዛኛው እዚያው አለ። የማያነበው ነው እንጂ» አለና ቾኩን አስቀመጠ። የቀረውን ጊዜ ተማሪዎቹ ከመጽሐፋቸው እንዲያነቡ አዘዛቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ክንዱ መጋዘን ሄደ። መጋዘኑ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ነው፤ በዚያ የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ የተሳፋሪውን አፍንጫ አስይዞ ነው የሚያልፍ። ክንዱ አፉን በሻሽ አስሮ በሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ በርበሬው ይሁን እንቅልፍ ማጣቱ አይለይም። ሠራተኞቹን በእጁ ምልክት አስወጣና ሻሹን ወደ አገጩ አወረደ።

«ለምን እንደ መጣህ አውቃለሁ። ቢላዋ እፈራለሁ፣ መምህር። የማንኩሳዋ ሴትዮ በዚሁ በሽታ ጡቷን ተቆርጣ ስንት ቀን ቆየች?»

«እሷ የሄደችው እግሯ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው፣ ጋሼ። እናታችን ገና ናቸው። ጨርሶ ይድናሉ አልልህም፤ ሕዋሱ ብዙ ርቋል። ግን ቁስሉ ይዘጋል፤ ዕድሜ ያገኛሉ፤ ሽታው ይለቃቸዋል፤ ከሰው ጋር ይቀመጣሉ። ከነገ ካለፈ ይህም አይኖርም።»

ክንዱ በርጩማውን ወደ እርሱ አስጠጋ። ከዚያ ሌሊቱን ሲያበስለው ያደረውን ነገር፣ ዕቃ ሲዋዋል በለመደው ድምፅ አወጣው።

«ባዕዱ ሲወጣ ሥጋው ወደ ሥራው ይመለሳል ብለሃል።»

«እንዲህ አላልሁም! ስለ ሌላ በሽታ፣ ስለ መድኃኒት ነው የተናገርሁት። ማሩ፣ ጡቱ፣ የእኔ ልጅነት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«የተማርኸው አንተ ነህ። እኔ የማውቀው የሰማሁትን ነው። ሚስቴም ሰምታለች፤ እኅቶቼም ሰምተው ከገጠር መልእክት ልከውብኛል። ጡቱን ፍታ። በሽማግሌ ፊት የእናቴ ልጅ አይደለሁም በል። ዛሬውኑ ከሰዓት በሚወጣው ሚኒባስ እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ፤ ቢላዋውንም እችለዋለሁ። ካልፈታህ ግን በላይዋ ላይ አንተ እያለህ ቢቆርጧት ብትሞትብኝ፣ ምን ብዬ እኖራለሁ?»

«እሺ ብል እንኳ ምክንያቱን ልንገራቸው።»

«አትነግራትም! ተገዶ ነው ካልሃት የአፍ ብቻ ይሆናል፤ አይሠራም። ከልብህ ሆነህ ትላለህ።» የክንዱ ድምፅ እዚህ ላይ ተሰበረ። «እናቴ ናት፣ መምህር። በምን ላድናት? ያለኝ ይኸው ነው።»

ገነነ ተቆጣ፤ ድንቁርና ነው አለ፤ ኃጢአት ነው አለ፤ ለፖሊስ፣ ለቀበሌ፣ ለወረዳ ጤና እናገራለሁ አለ። ክንዱ ሁሉንም አዳመጠና ሰዓቱን አየ። ገነነም አየ። የመጨረሻው የባሕር ዳር ሚኒባስ በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ከማንም ጋር ተሟግቶ ለማሸነፍ የሚበቃ ጊዜ አልነበረም፤ ተሸንፎ ግን እናቱን ማድረስ ይቻል ነበር።

ከቀትር በኋላ በክንዱ ሳሎን አራት ሰው ተቀመጠ፦ ክንዱ፣ ሸጋዬ፣ አንድ የዕድር ሽማግሌና ያኔ ማሩ ሲላስ የመሰከሩት ቄስ ወልደ ገብርኤል። ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «አባቶቻችን ማሰሪያውን እንጂ መፍቻውን አላስተማሩንም» አሉ። ይህ ቃል ቢጸና ኖሮ ሁሉም በዚያው በቆመ። ክንዱ ግን «ሐኪም ቤት አትሂድ የሚሉ ከሆነ እርስዎ ይናገሩ፣ አባ» ሲላቸው አቀርቅረው ዝም አሉ። መናገር የነበረበት ሰው ዝም ሲል ዝምታውን ትሕትና ብሎ ይጠራዋል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ሌላ ስም አለው። መፍቻው ስላልነበረ ሸጋዬ አበጀችው፦ የላሰው በአፉ ነውና አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ፣ ከደጃፍ ይትፋ፣ ከዚያ ቃሉን ይናገር።

ወይዘሮ ወለተ ሐናን ደግፈው አወጧቸውና በሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጧቸው። ለመንገድ ያጠቡትን ነጠላ ለብሰዋል። በዚያ ሳሎን ከተቀመጡ ብዙ ጊዜያቸው ነበርና ቴሌቪዥኑን፣ መጋረጃውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶግራፍ በቀስታ አዩ። ቄሱን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ለመንገዳቸው ሊጸልዩላቸው የመጡ መሰላቸው። ሸጋዬ ጣሳውን ለገነነ አቀበለችው። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ጉንጭ ያዘ፤ ወደ ደጃፉ ሄዶ ተፋው፤ ተመልሶ በፊታቸው ቆመ። ዓይናቸውን ላለማየት በመቀነታቸው ላይ አተኮረ።

«ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ልጅ አይደለሁም» አለ። «በፈቃዴ ፈትቻለሁ።»

 ከጓሮው ክፍል የመጣው የበርበሬ ሽታ ሽማግሌውን አስነጠሰው፤ ማንም ይማርህ አላለውም። ወይዘሮ ወለተ ሐና መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ የሆነ ጨዋታ መስሏቸው ወደ ክንዱ አዩ። ክንዱ ወለሉን ያያል። ወደ ቄሱ አዩ። ከዚያ ፈገግታቸው ሳይጠፋ በፊታቸው ላይ ደረቀ፤ ነጠላቸውን በታመመው ጎናቸው ላይ ሰብሰብ አደረጉ፤ ወደ ኋላም ሸሸት አሉ፣ እርሱን እንዳይደርሰው።

«ሽታው ነው?» አሉት ቀስ ብለው።

 ገነነ አይደለም ቢል ውሉ ይፈርሳል፤ ነው ቢል ይህን ሊል የሚችል አፍ አልነበረውም። ከንፈሩ ላይ ውኃው ገና አልደረቀም። እርሳቸውም እንደ ገና አልጠየቁትም። አንገታቸውን ወደ ክንዱ አዞሩና፣ «በል ልጄ፣ ወዴት ነበር የምትወስደኝ? ውሰደኝ» አሉ።

ክንዱ ቃሉን ጠበቀ። ባጃጅ ጠርቶ፣ እናቱን አቅፎ አስገባ፤ ሸጋዬ ትራስና ብርድ ልብስ ይዛ ተከተለች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ገነነን ልታየው ፈልጋ መልሳ ተወችው። እርሱ በእግሩ ሄደ። የተፈታ ሰው መሸኘት አይገባውም ብሎ ክንዱ ስለ ከለከለው መናኸሪያው ውስጥ አልገባም፤ ሙዝ ከሚሸጡት ሴቶች ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ቆመ። ወያላው «ባሕር ዳር! ቡሬ፣ ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። የቡሬ መኪና ከወዲያ አቧራ አስነሥቶ ገባ። በባሕር ዳሩ ሚኒባስ ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ከወይዘሮ ወለተ ሐና አጠገብ ተቀምጣ ነበርና አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። በቦታዋ ክንዱ ተቀመጠ።

ገነነ ከቆመበት ሆኖ ፊታቸውን በመስኮቱ በኩል ያይ ነበር። እናቱ ናቸው፤ ሁሉንም ነገር እንደ ያዘ ነው ያለው፦ የወባውን ሌሊት፣ የማሩን ጣዕም፣ ጉልበቱን የሚይዘውን እጅ። ከያዘው አንድም የጎደለ የለም። እንዳያነበው የታዘዘ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪሙ የሚያወጣው አንድ ነገር አለ፤ በእርሱ ውስጥ ያለውን ግን የሚያወጣም የሚመልስም ቢላዋ የለም። ይህን ሲያስብ በመስኮቱ በኩል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፊታቸውን አላዞሩም። እንደማያውቁት ሰው፣ እንደ መንገደኛ ጥቂት አዩትና ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። መስኮቱ ክፍት ነበርና ድምፃቸው ጥርት ብሎ እስከ አጥሩ ድረስ መጣ።

«ክንዱ፣ ያ ሐኪም ስንት አጠቡ ያለኝ እንደ ሆነ፣ አሁን ስንት ልበል?»

ክንዱ አፉን ሲከፍት አየ። ወያላው በሩን በኃይል ዘጋው፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሚኒባሱም የላህን ወንዝ ድልድይ ይዞ ሄደ።